ዣን አንሪ ፋብር፦ ከትንንሽ ፍጥረታት ደጃፍ የተቀመጠው መምህር



አየሩ ሞቅ ሲል ሁላችሁም ወደ ጓሮና ወደ መናፈሻ ትወጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁም በስልክ ያነሳችሁትን የቢራቢሮ ወይም የጢንዚዛ ፎቶ ይዛችሁ ትመጡና ይቺ ማን ትባላለች ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ትልቅ ጥያቄ ነው። በዛሬው "ታላላቅ ሰዎች" ገጻችን ይህንኑ ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ የኖረ ሰው ታሪክ እናነባለን። ስሙ ዣን አንሪ ፋብር ይባላል። ንጉሥ አልነበረም፣ የጦር መሪም አልነበረም። የደሃ ልጅ ሆኖ አድጎ የትምህርት ቤት መምህር የሆነ ሰው ነው። ታሪኩን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከብዙዎቹ ግኝቶቹ አጠገብ አንድ ልጅ ቆሞ ታገኛላችሁ።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ ለይተን ዓ.ም. ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አያቶቹ ቤት

ፋብር የተወለደው በዲሴምበር 1823 ሴን ሌዮን በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ መንደር ነው። በእኛ አቆጣጠር 1816 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አጼ ቴዎድሮስ የተወለዱት በ1818 ገደማ ስለሆነ ፋብር ከእሳቸው አምስት ዓመት ያህል ያንሳል ማለት ነው። ወላጆቹ በጣም ድሆች ስለነበሩና ሌላ ሕፃን ስለተወለደላቸው፣ እሱን ማላቫል በሚባል ገጠር ወደሚኖሩት አያቶቹ ላኩት። አያቶቹ ከብትና በግ የሚያረቡ፣ መጽሐፍ ገልጠው የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ። በቤት የሚነገረው ቋንቋም ፈረንሳይኛ አልነበረም፤ ኦክሲታን የሚባለው የአካባቢው ቋንቋ ነበር።

ትንሹ ፋብር አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲሆነው አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ማሰብ ጀመረ። ይህን ብርሃን የማየው በአፌ ነው ወይስ በዓይኔ? ትስቁ ይሆናል። እሱ ግን መልሱን ለማወቅ ማንንም አልጠየቀም፤ ሞከረው። ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ፤ ፀሐይዋ ጠፋች። አፉን ዘግቶ ዓይኑን ከፈተ፤ ፀሐይዋ ተመለሰች። ደግሞ ሞከረ፤ ውጤቱ ያው ሆነ። ማታ ለቤተሰቡ ሲናገር ሁሉም ሳቁበት፤ አያቱ ብቻ በፍቅር ፈገግ አለችለት። እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ሳይንሳዊ ሙከራው መሆኑ ነው።

በሌላ ጊዜ ደግሞ ማታ ማታ ከቁጥቋጦ ውስጥ ቀጭን የሚያቃጭል ድምፅ ሰማ። ወፍ ይሆን? ጨለማው ቢያስፈራውም ቀስ ብሎ ተጠጋ። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ድምፁ ዝም ይላል። በማግስቱም ሄደ፣ ሄዶም ጠበቀ። በመጨረሻ ዘፋኙን ያዘው፤ ለካ ፌንጣ ኖሯል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ፌንጣ እንደሚዘፍን በገዛ ጆሮውና በገዛ ዓይኑ አወቀ።

የእንስሳት ፊደል ገበታ

ሰባት ዓመት ሲሞላው ትምህርት ቤት ለመግባት ወደ ወላጆቹ መንደር ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሲሆን ዶሮዎችና የአሳማ ግልገሎች ሳይቀሩ እየገቡ የሚወጡበት ነበር። ፋብር እንደ ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ፊደል አልገባውም። አባቱ ከከተማ አንድ ትልቅ ባለቀለም ወረቀት ገዝቶ አመጣለት። በእያንዳንዱ ፊደል አጠገብ በዚያ ፊደል የሚጀምር እንስሳ ተስሎበት ነበር፤ መጀመሪያ አህያ፣ ቀጥሎ በሬ፣ ከዚያ ዳክዬ። የእኛን ፊደል ገበታ አስቡ፤ በእንስሳ ሥዕል ያጌጠ ቢሆንስ? እንስሳ ወዳዱ ልጅ በጥቂት ቀን ውስጥ ፊደሉን ለየ።

ከዚያም ወላጆቹ የዳክዬ ጫጩቶች እንዲጠብቅ ኩሬ ዳር ላኩት። ዳክዬዎቹ ሲዋኙ እሱ ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ ጢንዚዛ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና የሚያምር ድንጋይ ሲለቅም ዋለ። ኪሱ እስኪቀደድ ሞልቶ ቤት ሲገባ የጠበቀው ግን ቁጣ ነው። ወላጆቹ ዳቦ የሚያመጣ ሥራ እንዲይዝ እንጂ ድንጋይ እንዲለቅም አልፈለጉም፤ የያዘውንም ጣለው ተባለ። ወላጆች ሆይ፣ ቤታችን ውስጥ ይህን የመሰለ ኪስ አይተን እናውቃለን፣ አይደል? የፋብር ወላጆች ክፉዎች አልነበሩም። ድህነት ያስጨነቃቸው ሰዎች ነበሩ።

ሎሚ ሻጩ መምህር ሆነ

ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ከከተማ ወደ ከተማ ተዘዋወረ። ንግዱም አልሳካ አለ። ፋብር ገና በልጅነቱ ራሱን ለመቻል በገበያ ሎሚ ሸጠ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ አልተወም። በአቪኞን ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ተወዳድሮ ነጻ ዕድል አሸነፈና ትምህርቱን ቀጠለ። በ1842፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ካርፓንትራ በሚባል ከተማ አስተማሪ ሆነ። ደመወዙ በዓመት 700 ፍራንክ ነበር። በዚያን ጊዜም ቢሆን ትንሽ ገንዘብ ነው።

ሕይወቱን የለወጠው ነገር የተከሰተው እዚያ ነው። ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ አውጥቶ የመሬት ልኬት ያስተምራቸው ነበር። አንዱን ተማሪ ሩቅ ሄደህ ችካል ትከል ብሎ ሲልከው ልጁ መንገድ ላይ ጎንበስ ይላል፣ ይነሳል፣ ደግሞ ጎንበስ ይላል። ሌላውም እንደዚሁ። ምንድን ነው ብሎ ሲጠጋ ልጆቹ ምስጢራቸውን አሳዩት። አንዲት ትልቅ ጥቁር ንብ በድንጋይ ላይ በጭቃ ቤት ትሠራለች። ልጆቹ ያንን ቤት ከፍተው ማሩን በሰንበሌጥ ይመጡታል! መምህሩም አብሯቸው ቀመሰ።

ፋብር ግን ማሩ ብቻ አልበቃውም፤ የንቧን ስም ፈለገ። አንድ መጽሐፍ መሸጫ ገብቶ ስለ ነፍሳት የተጻፈ ትልቅ ባለሥዕል መጽሐፍ አየ። ዋጋውን ሲሰማ የአንድ ወር ደመወዙን የሚያህል ሆነ። ገዛው። ከዕለት ሥራዬ ከሒሳብ መዝገብ ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህ ቁጥር ያስደንቀኛል፤ ከትንሽ ደመወዝ ላይ የወር ቀለብ አንስቶ ለአንዲት ንብ ስም መክፈል ማለት ነው። የጥቁሯን ንብ ስም አገኘ፤ ስለ ኑሮዋ የተጻፈውንም ደጋግሞ አነበበ። ታዲያ መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር በውስጡ ያልተጻፈው ብዙ እንደሆነ ገባው። ስም ማወቅ በር መክፈቻ ነው፤ ቤቱ ግን ከበሩ በኋላ ነው ያለው።

ትኩስ ሥጋ የምታስቀምጠው ተርብ

ፋብር ጥቂት ዓመታት በኮርሲካ ደሴት ካስተማረ በኋላ በ1853 ወደ አቪኞን ተመለሰና በራሱ ጥረት እያጠና እስከ ዶክተርነት ደረሰ። በዚያን ዘመን አንድ ታዋቂ ሊቅ ስለ አንዲት ተርብ ጽፎ ነበር። ይቺ ተርብ ጢንዚዛ አድና ጉድጓዷ ውስጥ ትከታለች፣ እላዩ ላይ እንቁላል ትጥላለች፣ እጩ ሲፈለፈል ያንን ይመገባል። የሚገርመው ጢንዚዛው ለሳምንታት አይበሰብስም። ሊቁ ተርቧ እንዳይበላሽ የሚያደርግ መድኃኒት ትወጋዋለች ብሎ አስቦ ነበር።

ፋብር ሄዶ ከጉድጓዱ ደጃፍ ተቀመጠ። ቀኑን ሙሉ ጠበቀ፣ አየ፣ ሞከረም። ጢንዚዛው የሞተ አለመሆኑን አረጋገጠ። ተርቧ የጢንዚዛውን እግር የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ያሉበትን ቦታ ለይታ ትወጋዋለች፤ እሱም ሽባ ይሆናል እንጂ አይሞትም። ስለዚህ ሥጋው ለእጩ ትኩስ ሆኖ ይቆያል። ይህን በ1855 ጽፎ አወጣ፤ በማግስቱ ዓመትም ከፈረንሳይ የሳይንስ ተቋም ሽልማት አገኘ። ቻርልስ ዳርዊን በዝነኛ መጽሐፉ ፋብርን ወደር የሌለው ተመልካች መሆኑን መስክሮለታል።

የመንደሩ ሰው ግን እንደዚህ አያየውም ነበር። አንድ ጠዋት ወይን ለቃሚ ሴቶች ሲያልፉ ፋብር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ሲያይ አገኙት። ማታ ሲመለሱም እዚያው፣ ያንኑ መሬት እያየ ነው። ምስኪን፣ አእምሮው የታመመ ሰው መሰላቸውና እያማተቡ አለፉ።

በ1865 አንድ እንግዳ ቤቱ መጣ፤ ታላቁ ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ነበር። ፓስተር የፈረንሳይን የሐር ትሎች የሚጨርሰውን በሽታ እንዲያጠና ታዝዞ ነው የመጣው፤ ነገር ግን የሐር ትል ቤት ምን እንደሚመስል እንኳ አይቶ አያውቅም። ፋብር ትሏ በክር ፈትላ የተጠቀለለችበትን እንክብል ቤት ሰጠው። ፓስተር ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀውና ውስጡ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ገረመው። ያ ምንም የማያውቅ የመሰለ እንግዳ ከጥቂት ዓመታት ጥናት በኋላ በሽታውን የመከላከያ መንገድ አገኘ። ፋብር ከዚህ ትልቅ ትምህርት ወሰደ፦ አለማወቅ አያሳፍርም፤ ሳያዩ አውቃለሁ ማለት ነው የሚያሳፍረው።

ከቤቱ የተባረረበት ምክንያት

በአቪኞን ፋብር ደመወዙ በዓመት 1,600 ፍራንክ ብቻ ነበር፤ ቤተሰቡ ደግሞ ብዙ። እንደዚያም ሆኖ ማታ ማታ ለሕዝብ በነጻ ማስተማር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ልጃገረዶች ሳይንስ የሚማሩበት ዕድል በጣም ጠባብ ነበር። በእሱ ትምህርት ላይ ግን ወጣት ሴቶችም ይገኙ ነበር። አበባ እንዴት ፍሬ እንደሚይዝ፣ ንብ የአበባ ዱቄት እንዴት ከአበባ ወደ አበባ እንደምታደርስ አስተማራቸው። ዛሬ እናንተ ይህን የምትማሩት በአንደኛ ደረጃ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ለልጃገረድ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል ወይ ተብሎ ትልቅ ተቃውሞ ተነሳበት። በ1870 የተከራየው ቤት ባለቤቶችም ከነቤተሰቡ እንዲወጣ አደረጉት።

ገንዘብ አልነበረውም። የደረሰለት እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ነው። በአቪኞን ይኖር ስለነበር ሁለቱ አብረው ሜዳ እየወጡ ዕፅዋት ይሰበስቡ ነበር። ሚል 3,000 ፍራንክ አበደረው። ፋብር ኦራንዥ ወደምትባል ከተማ ሄዶ፣ ማስተማሩን ትቶ፣ ለልጆች የሳይንስ መጻሕፍት እየጻፈ ቤተሰቡን አስተዳደረ። ዕዳውንም ሙሉ በሙሉ ከፈለ። ልጃገረዶችን ማስተማሩ ቤቱን ቢያሳጣውም ማስተማሩን ጥፋት ነው ብሎ አላመነም፤ ከዚያ በኋላም በመጻሕፍቱ ወንድ ሴት ሳይል ማስተማሩን ቀጠለ።

በ1877 ከዚህ ሁሉ የባሰ ሐዘን ደረሰበት። ዡል የሚባለው ልጁ ገና በወጣትነቱ ሞተ። ዡል አባቱን ተከትሎ የሚወጣ፣ አበባና ነፍሳት የሚወድ ልጅ ነበር። ፋብር በ1879 የመጀመሪያውን ትልቅ መጽሐፉን ሲያሳትም ለሳይንስ አዲስ ናቸው ያላቸውን ሦስት ተርቦች በልጁ ስም ሰየማቸው፦ ሴርሴሪስ ዡሊ፣ ቤምቤክስ ዡሊ፣ አሞፊላ ዡሊ። ልጆች፣ በሙዚየም ውስጥ ከነፍሳት ሥር የተጻፉትን ረጃጅም የላቲን ስሞች ስታዩ አሰልቺ አይምሰሏችሁ። ከአንዳንዱ ስም በስተጀርባ የአባት ናፍቆት ሊኖር ይችላል።

አርማስ፦ ጠፍ መሬት ያለው ሀብት

በዚያው በ1879 ፋብር፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶት፣ የዕድሜ ልክ ምኞቱ ተሳካለት። ሴሪኞን በሚባል መንደር አጠገብ አንድ ሄክታር ያህል መሬት ገዛ። መሬቱ ድንጋያማ፣ እሾህና ጦስኝ የሞላበት ነበር። በአካባቢው ቋንቋ እንዲህ ያለ ጠፍ መሬት አርማስ ይባላል፤ እሱም ቦታውን አርማስ አለው። ለገበሬ የማይረባው መሬት ለንብ፣ ለተርብና ለጢንዚዛ ግን ገነት ነው። ፋብር ቀሪ ዕድሜውን እዚያ ኖረ፤ "የነፍሳት ጥናት ትዝታዎች" የተባለውን ሥራውን እስከ 1907 ድረስ በ10 ቅጽ አሳተመ። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ነፍሳትን በመርፌ ወግተው በሣጥን ያስቀምጡ ነበር። የፋብር ፍላጎት ሌላ ነው፤ በሕይወት እያሉ ምን እንደሚሠሩ ማየት።

ልጆቹ ረዳቶቹ ነበሩ። ንቦች ርቀው ከተወሰዱ ቤታቸውን ያገኙ እንደሆነ ለማወቅ ጀርባቸውን በቀለም ምልክት አድርጎ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ ለቀቃቸው። ወደ ቤት ሲመለስ ልጁ አግላኤ ጉንጯ ቀልቶ ተቀበለችው። ከንቦቹ ሁለቱ ከእሱ ቀድመው፣ ያውም የአበባ ዱቄት ተሸክመው፣ መድረሳቸውን ነገረችው። ሰዓቱን ሳይቀር ይዛለች።

አንድ የግንቦት ቀን ጠዋት ደግሞ ታላቁ ጣዎስ ከሚባለው ዝርያ አንዲት ሴት የእሳት እራት ከተጠቀለለችበት ወጣች። ይህ በአውሮፓ ትልቁ የእሳት እራት ሲሆን ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ፋብር በሽቦ ወንፊት ሸፈናት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ትንሹ ልጁ ፖል ልብሱን እንኳ አውልቆ ሳይጨርስ እየሮጠ አባቱን ይጠራል። ክፍሉ ወፍ በሚያካክሉ የእሳት እራቶች ተሞልቷል! ሻማ ይዘው ሲገቡ ወንዶቹ እራቶች በሴቷ ዙሪያ ይበራሉ። በዚያ ምሽት ወደ 40 የሚሆኑ፣ በስምንት ምሽት ደግሞ በድምሩ 150 መጡ።

በዚያ ጨለማ እንዴት አገኟት? ፋብር ለዓመታት መረመረ። በሌላ ዓይነት የእሳት እራት ሲሞክር ሴቷን በመስታወት ቢከድናት፣ ወንዶቹ እያዩዋት አልፈው ቀድሞ ወደተቀመጠችበት ባዶ ቦታ ሄዱ። ስለዚህ በዓይን የሚመሩ አይደሉም፤ የሰው አፍንጫ የማይሰማው ሽታ መኖር አለበት አለ። በ1959 የጀርመን ሳይንቲስቶች ከሐር የእሳት እራት ያንን ሽታ ለይተው አወጡ። ለዚህም ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ እራቶች አስፈልጓቸዋል። ዛሬ ፌሮሞን ይባላል፤ ገበሬዎች ሰብል የሚያጠፉ ነፍሳትን ለማጥመድ ይጠቀሙበታል።

ክብ የዞሩት አባ ጨጓሬዎች

አባ ጨጓሬ ታውቃላችሁ? ጸጉራሙ ትል። ሲነኩት ያሳክካል። በፕሮቫንስ ጥድ ዛፍ ላይ የሚኖሩ አባ ጨጓሬዎች ሲሄዱ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ በሰልፍ ነው፤ መሪው ቀጭን ክር እየጣለ ይሄዳል፣ ሌሎቹም ይከተሉታል። በጃንዋሪ 30፣ 1896፣ ከዓድዋ ድል አንድ ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው፣ አንድ ሰልፍ የትልቅ የአበባ ማሰሮ ከንፈር ላይ ወጣ። ፋብር ክቡ እስኪገጥም ጠብቆ የተረፉትን አባ ጨጓሬዎችና ወደ ላይ የወጡበትን ክር ጠረገ። አሁን መሪ የለም፤ ሁሉም ተከታይ ነው።

ዞሩ። ቅዝቃዜና ረሃብ እያንገላታቸው ከሰባት ቀን በላይ ዞሩ፤ በስምንተኛው ቀን ነው መውረጃ ያገኙት። ፋብር የዕረፍቱን ጊዜ ቀንሶ 84 ሰዓት እንደተጓዙ፣ በደቂቃ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሚሄዱ አሰላ። በጠቅላላው 453 ሜትር ሆነ። የማሰሮው ዙሪያ 1 ሜትር ከ35 ሴንቲ ሜትር ስለነበረ 335 ጊዜ ዞረውታል። ሒሳቡን እኔም ሠርቼ አየሁት፤ ልክ ነው። እናንተም ሞክሩት።

ሌላው ዝነኛ ጥናቱ ኳስ የምታንከባልለው ጢንዚዛ ነው። ገጠር ያደጉ ወላጆቻችሁ እበት እያንከባለለች ስትሄድ አይተው ይሆናል። ሰዎች ከጥንት ጀምሮ እንቁላሏ በኳሱ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። ፋብር ብዙ ኳስ ቢከፍትም እንቁላል አላገኘም፤ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ፈለገ። በመጨረሻ መልሱን ያመጣለት አንድ በግ ጠባቂ ልጅ ነው። ልጁ ከመሬት ውስጥ የፒር ፍሬ የመሰለ ቅርጽ ያለው ነገር አግኝቶ አመጣ። እንቁላሉ ያለው በዚያ ውስጥ፣ በቀጭኑ ጫፍ በኩል ነበር። የሚንከባለለው ኳስ ስንቅ ብቻ ኖሯል።

ፋብርም ቢሆን ሁሉ ነገር አልተሳካለትም። ሲካዳ የምትባለውን ዘማሪ ነፍሳት ለመፈተን የመንደሩን የበዓል መድፍ ከዛፉ ሥር አስተኮሰ፤ ሲካዳዎቹ ዝማሬያቸውን ስላላቋረጡ መስማታቸውን ተጠራጠረ። ዛሬ ሲካዳዎች የሚሰሙበት አካል እንዳላቸው ታውቋል። የዝግመተ ለውጥን ሐሳብም እስከ መጨረሻው አልተቀበለም። ከዳርዊን ጋር ግን ተከባብረው ይጻጻፉ ነበር፤ ዳርዊን ሐሳብ የሰጠውን ሙከራም በንቦቹ ላይ ሠርቷል። በሐሳብ ተለያይቶ አብሮ መሥራት እንደሚቻል ከሁለቱ እንማራለን።

ዘግይቶ የመጣ ዝና

ፋብር አብዛኛውን ዕድሜውን በችግር ነው ያሳለፈው። ዝናው የመጣው ከሰማንያ ዓመት በኋላ ነው። በ1910 ወዳጆቹ ትልቅ በዓል አዘጋጁለት፤ በ1913 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሬሞን ፖንካሬ ራሳቸው መንደሩ ድረስ መጥተው ጎበኙት። በኦክቶበር 1915፣ በእኛ 1908 ዓ.ም.፣ በ91 ዓመቱ አረፈ። አርማስን በ1922 መንግሥት ገዛው፤ ዛሬም ሙዚየም ነው። መጽሐፎቹ በብዙ ቋንቋ ተተርጉመዋል፤ በጃፓን ስሙን የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው።

ያ ልብሱን ሳያወልቅ የሮጠው ትንሹ ፖልስ? አድጎ ፎቶ አንሺ ሆነ። ፎቶ በመስታወት ሰሌዳ ላይ በሚነሳበት ዘመን፣ የአባቱን ነፍሳት ፎቶ እያነሳ የአባቱ መጻሕፍት በፎቶ ተደግፈው እንዲታተሙ አደረገ። ፋብር ሐሳቡን በቃል፣ ፖል በካሜራ ገለጹት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋብር ታላላቅ መጻሕፍቱን በፈረንሳይኛ ቢጽፍም የአያቶቹን ዓይነት ቋንቋ አልጣለም። በ1909 በፕሮቫንስ ቋንቋ የጻፋቸውን ግጥሞች አሳትሟል። በመጽሐፎቹም ገበሬዎች ለነፍሳት ያወጡትን ስም በክብር ይመዘግብ ነበር። ለምሳሌ የፊት እግሮቿን አጣጥፋ የምትቆመውን አዳኝ ነፍሳት የፕሮቫንስ ገበሬዎች ወደ እግዚአብሔር የምትጸልየው ይሏታል። የኛም አባቶችና እናቶች እንዲሁ አይተው ነው የሰየሙት። ወደ መብራት በርራ ራሷን የምታቃጥለውን የእሳት እራት አሏት፤ የእሳቱ እራት ትሆናለችና። እንዲህ ያለ ስም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳየ ይመሰክራል። የላቲኑን ስም ከመጽሐፍ ታገኙታላችሁ፤ የአማርኛውን ግን ቤት ውስጥ ካልጠየቃችሁ ማን ይነግራችኋል?

የቤት ሥራ፦ የኔ አርማስ

1. በጓሮ፣ በመናፈሻ ወይም በበረንዳ አበባ ላይ አንድ ነፍሳት ፈልጉ። ከመነካካታችሁ በፊት ለአምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ እዩ። አባ ጨጓሬና ተርብ በእጅ አይነኩም።
2. ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ፎቶ አንሱ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ ሳንቲም ወይም ማስመሪያ አስቀምጡ። ጥላችሁ እንዳያርፍበት በፀሐይና በነፍሳቱ መካከል አትቁሙ።
3. ቁጠሩ። ስድስት እግር ካለው ነፍሳት ነው፤ ስምንት ከሆነ የሸረሪት ወገን ነው። ዝንብ ሁለት ክንፍ አላት፤ ንብና ተርብ አራት። የጢንዚዛ የላይኛው ክንፍ እንደ ጋሻ ጠንካራ ነው። የቢራቢሮ አንቴና ጫፉ ላይ ድብልብል ነው፤ የብዙ የእሳት እራቶች ግን እንደ ክር ወይም እንደ ላባ ነው።
4. ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተቀመጠበትን ተክልና ሲሠራ ያያችሁትን ጻፉ። ስልክ ላይ ያለ ፕሮግራም ስም ቢነግራችሁ ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሩ፤ ይሳሳታልና።
5. ፎቶውን ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለአያታችሁ አሳዩና በአማርኛ ምን እንደሚባል ጠይቁ። በስልክም ቢሆን ይቻላል። የነገሯችሁን በአማርኛ ጽፋችሁ ለክፍል አምጡ።

ወላጆች፣ ስሙን የማታውቁት ቢሆን አትጨነቁ። አብራችሁ ጎንበስ ብላችሁ ማየቱ ይበቃል።

አዳዲስ ቃላት

ነፍሳት፦ ስድስት እግር ያላቸው ትንንሽ ፍጥረታት
እጭ፦ ከእንቁላል የተፈለፈለ፣ ገና ክንፍ ያላወጣ ትል መሳይ
ተርብ፦ ንብ የምትመስል፣ ወገቧ ቀጭን፣ የምትናደፍ
የእሳት እራት፦ ቢራቢሮ የምትመስል፣ አብዛኛውን ጊዜ ማታ የምትበር
ጠፍ መሬት፦ ያልታረሰ፣ ሰው የማይኖርበት መሬት
ሽባ፦ መንቀሳቀስ የማይችል

ጥያቄዎች

1. ትንሹ ፋብር ብርሃንን በአፉ እንደማያይ እንዴት አወቀ?
2. የጥቁሯን ንብ ስም ለማወቅ ምን ያህል ከፈለ?
3. በ1870 ከቤቱ ለምን ተባረረ? እናንተ ብትሆኑ ማስተማሩን ትተዉ ነበር?
4. 453 ሜትር ለ1.35 ሜትር ሲካፈል ስንት ነው?
5. ፋብርን የረዱትን ልጆች ጥቀሱ። እያንዳንዳቸው ምን አዩ?